ቀለሙን ያስለቀቀው የብርጭቆ ወረቀቱ ቁጥር አይደለም

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጅማ ነው፤ ከአባቴ ጋር በርጩማና ሌላ የእንጨት ዕቃ እንሠራለን። በቅርቡ ጅሬን የሚገኘውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አሳንሼ ከእንጨት ቀረጽሁ፤ በእርሱም ላይ የሲሊኮን ቅርጽ ማውጫ ሠርቼ ማጠንከሪያ ሲጨመርበት በሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ፣ በፖሊስተር ሬዚን፣ አሥራ ሁለት ቅጂ አወጣሁ። እያንዳንዱ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። እንዳይጣበቅብኝ ቅርጽ ማውጫውን ቫዝሊን ቀብቼው ነበር። በማግስቱ በብርጭቆ ወረቀት ከ80 ጀምሬ እስከ 1000 ቁጥር አለሰለስኋቸውና ቀለም ቀባኋቸው። አሁን ቀለሙ በጥፍር ሲነካ እንደ ድንች ልጣጭ ይነሣል፤ ጣሪያው ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች ወጥተዋል፤ የሁለቱ የሰገነት መደገፊያም በብርጭቆ ወረቀቱ ተበልቶ አልቋል። ከቀለም በፊት በስንት ቁጥር መጨረስ ነበረብኝ? እስከ 2000 ብሄድ ይሻል ነበር?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ በቀጥታ ለጠየቅኸው በቀጥታ ልመልስልህ፦ 400 ቁጥር ላይ አቁም። እንደ ሰገነቱ ያለ ቀጭን ነገር ባለበት ቦታ 600 ድረስ ብትሄድም አልቃወምህም። 1000 መድረስህ ግን ምንም አልጠቀመህም፤ 2000ውማ ጨርሶ ይቅርብህ። ነገር ግን 400 ላይ አቁመህ ቢሆንም ኖሮ ቀለምህ መነሣቱ አይቀርም ነበር። ጥፋቱ የተሠራው ገና ብርጭቆ ወረቀቱን ሳታነሣ ነው።

ከእንጨት ቤት ስለመጣህ እጅህ የለመደውን አደረግህ። አባትህ ከዋንዛ በርጩማ ሲያወጡ፣ ዕቃው በለሰለሰ ቁጥር እንደሚያምር ከልጅነትህ ጀምሮ አይተሃል። እንጨት ይጠጣል። ውስጡ ባዶ ቧንቧ የሞላበት ስለሆነ ዘይቱንም ቫርኒሹንም ስቦ ያስገባና ይይዘዋል። ሬዚን አይጠጣም። በደረቀ ፖሊስተር ላይ ቀለም ጸንቶ የሚቆየው ፊቱ ንጹሕ ሲሆንና ጥፍሩን የሚተክልበት ጭረት ሲያገኝ ነው። አንተ ቫዝሊኑን ሳታነሣ ቀረህ፤ የቀረውን ጭረት ደግሞ በ1000 አጠፋህበት። ቀለሙ ምን ይዞ ይቁም?

ስለ ቁጥሩ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው «ትልቅ ቁጥር ለስላሳ ነው» ከማለት አያልፍም። 400 ቁጥር ወረቀት ላይ ያለው ፍሬ በአማካይ 35 ማይክሮሜትር ነው፤ ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። 1000 ላይ ወደ 18 ይወርዳል። 180 ላይ 80 ያህል ነው። አንተ የጀመርህበት 80 ቁጥር ግን 200 ማይክሮሜትር ይደርሳል፤ የሚሊ ሜትር አምስተኛ እጅ ማለት ነው። 18 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቤተ መንግሥት ላይ ያ ጭረት ሳይሆን ቦይ ነው። በእውነተኛው ሕንፃ ልክ ብታሰላው ግድግዳው በዶማ የተፈለጠ ይመስላል። 80ውን ለበርጩማው እግር ተውለት። በሬዚን ሞዴል ላይ ከ180 የሻከረ ወረቀት የማነሣው ሬዚኑ በፈሰሰበት አፍ ላይ የሚቀረውን ጉማጅ ቆርጬ ጉብታውን ሳወርድ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። ከቅርጽ ማውጫ የወጣ ሬዚን መጀመሪያ የሚፈልገው ውሃና ላርጎ ነው። ቅባት ያለበትን ሬዚን በብርጭቆ ወረቀት ስትፈገፍግ ቅባቱን የምታስወግደው ይመስልሃል፤ የምታደርገው ግን አዲስ በከፈትኸው ጭረት ውስጥ አስገብተህ መጠቅጠቅ ነው። ከዚያ በኋላ ብታጥበውም ያዳግታል። እኔም ይህን የተማርሁት በኪሳራ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሆቴል ለእንግዶቹ የሚሰጣቸውን አርባ ትናንሽ የሬዚን ጀበናዎች አዘዘኝ። የማስረከቢያው ቀን ስለደረሰ ሳላጥብ አለስልሼ ቀባሁ። ሲታዩ እንከን አልነበራቸውም። ሆቴሉ ዋጋ የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት በሆዳቸው ላይ ለጠፈ፤ ወረቀቱ ሲነሣ የጀበናው ጥቁር ቀለም አብሮ ተነሣ። አርባውንም በካርቶን ተሸክሜ ወደ ቤት ተመለስሁ።

ስለዚህ ቫዝሊኑን በመጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ፣ ቀጥሎ ቲነር በነካ ጨርቅ ጥረግ። ጨርቁን በየጥርጊያው እያጠፍህ ንጹሑን ፊት አውጣ፤ በአንድ ፊት ደጋግሞ መጥረግ ቅባቱን ከጣሪያ ወደ ግድግዳ ማዛወር ብቻ ነው። ሞዴሉን ቲነር ውስጥ አትዘፍዝፈው። በነጭ ጋዝም አትጥረግ፤ እርሱ ራሱ ቅባት ትቶ ይሄዳል። በቤት የተረፈ የእጅ ሳኒታይዘርም አይሆንም፤ እጅ እንዳይደርቅ ግሊሰሪን ይጨመርበታልና። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያም ብዙ ጊዜ ዘይትና ሽቶ አለበት። ከቲነሩ በኋላ ለብ ባለ ውሃና በላርጎ፣ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ በሰገነቱ ክፍተቶች ሁሉ እየገባህ እጠብ፤ ደጋግመህም አለቅልቅ። መንጻቱን የሚነግርህ ራሱ ውሃው ነው። ስታፈስበት እንደ ስስ ሻሽ ወጥ ሆኖ ከለበሰው ጸድቷል፤ በቅባት ላይ እንደወደቀ ጠብታ እየተንከባለለ ከሸሸ ገና ነው። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አትንካው፤ የጣትህ ወዝ እንደገና ያቆሽሸዋል።

ሁለተኛው ስሕተትህ «በማግስቱ» ያልኸው ነው። የጅማ ልጅ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። አልጋ ላይ የተሰጣ ጀንፈል ላይ ላዩን ጠቁሮና ተኮማትሮ ደርቆ ይታያል፤ ውስጡ ያለው ፍሬ ግን ገና እርጥብ ሊሆን ይችላል። ያንን ቡና በጆንያ ከትቶ የሚያስቀምጥ ገበሬ የለም። ፖሊስተርም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ቀን ይጠነክራል፣ ይቆማል፣ ሲመቱት ይጮኻል፤ ውስጡ ግን ለቀናት ሥራውን ይቀጥላል፣ ትንሽ በትንሽም ይኮማተራል። በላዩ ቀለም ከቀባህበት ከሥር የሚወጣው ትነት መሄጃ ያጣና ቀለሙን ይገፋዋል።

ማጠንከሪያው ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ለ100 ግራም ሬዚን ከ1 እስከ 2 ግራም ማለት ነው። በዓይን ግምት የሚያፈስ ሰው አንዱን ቅጂ ጥሬ፣ ሌላውን ተሰንጣቂ ያደርጋል። ትንሽ የወርቅ ቤት ዓይነት ሚዛን ግዛ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ መጠንከሩም ይዘገያል፤ በዚያ ወቅት ከቤት ውጭ አታሳድረው። ስለ ማጠንከሪያው አንድ ነገር በጥብቅ ልንገርህ፦ ዓይን ውስጥ ከገባ ሊያሳውር ይችላል፤ መነጽር ሳታደርግ ክዳኑን አትክፈት። ሬዚንህ ሐምራዊ የኮባልት ፈሳሽ ለብቻው የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ፈሳሾች ፊት ለፊት አታገናኛቸው፤ እሳት ያስነሣሉ ወይም ይፈነዳሉ። አንዱ መጀመሪያ ከሬዚኑ ጋር ተማስሎ ካለቀ በኋላ ነው ሌላው የሚጨመረው።

እኔ ፖሊስተርን ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀምጠዋለሁ። ፀሐይ ካለች ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ አስተኝቼ ለጥቂት ሰዓት አሞቀዋለሁ፤ አቁመህ ካሞቅኸው ቀጭን ነገር ይጎብጣል። መድረሱን በሦስት ነገር ትለያለህ። አፍንጫህን አስጠግተህ ስታሸተው ያ የሚወጋ ሽታ ጠፍቷል። ጥፍርህን ስትጫነው ምልክት አይቀርበትም። ሦስተኛውና የማይዋሸው ብናኙ ነው፤ በ320 ትንሽ ስትፈገፍገው እንደ ዱቄት ነጭና ደረቅ ሆኖ ከተነነ ደርሷል። እንደ ላጲስ ፍርፋሪ እየተጠቀለለ ወረቀቱን ከደፈነው ወይ ጥሬ ነው ወይ ቅባት አለበት፤ ወረቀቱን አስቀምጥና ጠብቅ። ሥሩ፣ ማለትም ሲፈስ አየር የነካው ፊት፣ ሁልጊዜ ትንሽ ይጣበቃል፤ አየር ፖሊስተርን ላይ ላዩን እንዳይጠነክር ስለሚከለክለው ነው። እርሱን አሴቶን በነካ ጨርቅ ጥረገው፣ ከዚያ 180 ወረቀት ጠፍጣፋ መስተዋት ላይ ዘርግተህ ሞዴሉን በላዩ እየገፋህ አስተካክለው።

አሁን ብርጭቆ ወረቀቱን ማንሣት ትችላለህ።

የፈሰሰበትን ጉማጅ በሰጌቶ ቁረጥ፤ ከአካሉ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ተርፎ ይቁም፣ የቀረውን በሞረድ አውርደው። ቅርጽ ማውጫው የተጋጠመበትን መስመር ሁሉም ሰው በብርጭቆ ወረቀት ያጠፋዋል፤ መደገፊያህን ያስበላህም ይኸው ይመስለኛል። መስመሩ ቀጭን ጉብታ ነው፤ ወረቀት በላዩ ሲሄድ ጉብታውንም ግራና ቀኙንም እኩል ይበላል። ይልቅ ምላጭ ቀጥ አድርገህ ያዝና ሳትቆርጥ ቧጥጠው። አባትህ በተሰበረ ጠርሙስ ስባሪ እንጨት ሲፍቁ አይተህ ከሆነ ያው እጅ ነው፤ ከላይ ያለውን ብቻ ያነሣል።

ወረቀቱን በጣትህ ይዘህ አትፈግፍግ። ጣት ለስላሳ ነው፤ ጉድጓዱንም ይከተላል፣ ጠርዙንም ያጠፋል። ለግድግዳና ለጣሪያ ወረቀቱን ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ለጥፍ፤ ለክብ ነገር ስፖንጅ አስደግፍ፤ ለመደገፊያው ክፍተት ቀጭን ቁራጭ በስንጥር ወይም በክብሪት እንጨት ላይ ለጥፈህ እንደ ሞረድ ተጠቀምበት። ሊነካ የማይገባውን ጠርዝ በፕላስተር ሸፍነው። በእውነት ለመናገር፣ የሰገነቱ መደገፊያ ከቅርጽ ማውጫው ንጹሕ ሆኖ ከወጣ በወረቀት ባትነካው ይሻላል። በሻካራ የድስት መፈግፈጊያ ፋይበር ሁለት ጊዜ ዳሰስ አድርገው፤ ብርሃኑ ከደበዘዘ ለቀለም በቂ ነው። ሬዚን ላይ የምትፈልገው ምልክት ይኸው ነው፤ የሚያብረቀርቅ ቦታ ሁሉ ጨርሶ ይጥፋ። በመስኮት ብርሃን ወደ ጎን አዘንብለህ እየው፤ የሚያበራ ነጥብ ካለ ቀለሙ መጀመሪያ የሚነሣው ከዚያ ነው።

ከእንጨት የተማርኸውን ጨርሶ መርሳት ያለብህ አንድ ቦታ አለ። እንጨት ላይ ጅማቱን አቋርጦ መፈግፈግ ነውር ነው፤ ጭረቱ አይጠፋም፣ አባትህም እጅህን ይመቱሃል። ሬዚን ጅማት የለውም። ስለዚህ 180ውን ከግራ ወደ ቀኝ ከሄድህ፣ 240ውን ከላይ ወደ ታች አቋርጠህ ሂድ፤ 320ውን እንደገና ወደ ጎን፣ 400ውን እንደገና ወደ ታች። የቀደመው ቁጥር ጭረት አሁን ካለው ጋር መስቀለኛ ስለሚሆን ሳይጠፋ የቀረ ካለ ወዲያው ይታይሃል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈገፍግ ሰው 400 ጨርሻለሁ ብሎ የ180 ጭረት ይዞ ይቀርባል፤ ያንን የሚያየው ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው። ከ120 ወደ 400 መዝለልም ጊዜ አያተርፍም፤ ትንሹ ፍሬ ትልቁን ጉድጓድ ለማጥፋት ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።

ከ320 ጀምሮ በውሃ ሥራ። ለዚህ የሚሆነው በመኪና ቀለም ቀቢዎች ዘንድ የምታገኘው ጥቁሩ የውሃ ወረቀት ነው፤ ቡናማው የእንጨት ወረቀት በውሃ ይበታተናል። ውሃው ወረቀቱ እንዳይደፈን ያደርጋል፣ ከሁሉ በላይ ግን ብናኙን ይይዛል። የሬዚን ብናኝ እንደ እንጨት ሰጋቱራ አትቁጠረው፤ ደቃቁ ሳንባ ውስጥ ይቀራል። በደረቅ ስትሠራ የጨርቅ መሸፈኛ አይበቃም፤ ኤን 95 የሚባለውን ዓይነት አድርግ። እርሱም ቢሆን የሚያስቀረው ብናኝ እንጂ የሬዚኑን ሽታ አይደለም፤ ስታፈስ ደጅ ወይም በደንብ በተከፈተ ቦታ ሁን። ቡና በሚፈላበትና ልጆች በሚጫወቱበት ክፍል አትፈግፍግ። ስትጨርስ በእርጥብ ጨርቅ ጥረግ፤ በኮምፕሬሰር መንፋት ብናኙን ለጎረቤት ማካፈል ነው። የታጠበበትን ውሃ በባልዲ አሳድረህ ዝቃጩን ለብቻ ጣለው፤ አወይቱ ወንዝ ያለበት ይበቃዋል።

ጣሪያው ላይ የወጡብህ ቀዳዳዎች አዲስ አልተፈጠሩም። ሲፈስ የታሰሩ የአየር አረፋዎች ናቸው፤ ከስስ ሽፋን በታች ተኝተው ነበር፣ ወረቀቱ ሽፋኑን በላውና ተከፈቱ። ጎረቤታቸውም አለ፤ ገና ያልተከፈተው። ስለዚህ ከ240 በኋላ ሞዴሉን በብርሃን ተመልከትና ነጣ ያለ ክብ ጥላ ባየህበት ሁሉ በመርፌ ወግተህ ክፈት። ሰው አረፋ ሲያይ ለመሸፈን ይቸኩላል፤ ማስፋት ነው የሚሻለው። ጠባብ አፍ ያለው ቀዳዳ ስቱኮ፣ ማለትም መሙያውን ሊጥ፣ አያስገባም፤ አየር ታስሮበት ይቀርና በቀለሙ ላይ እንደገና ይወጣል። አፉን በምላጭ ጫፍ ትንሽ አስፋውና የመኪና ስቱኮ ከማድረቂያው ጋር ለውሰህ ተጭነህ ሙላ፤ ሲደርቅ ስለሚሰምጥ ከፊቱ ትንሽ ከፍ ይበል። ለመርፌ ቀዳዳ ያህል ከሆነ ከራሱ ሬዚን ጥቂት ጠብታ ከታልክ ዱቄት ጋር አወፍረህ ብትሞላው ከአካሉ ጋር አንድ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያም ይሳሳታል። ስቱኮ ከሬዚኑ በተለየ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ስቱኮ የሞላህበትን ቦታ በደረቅ ወረቀት ፈግፍግ። በውሃ ከሠራህበት፣ በተለይ በክረምት፣ እርጥበቱ ውስጥ ይቀራል፤ በላዩ ቀለም ሲቀባ ከሳምንት በኋላ ጉብ ጉብ ይላል። በጅማ ዝናቡ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር ስለሚይዝ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከ400 በኋላ እንደገና በላርጎ ታጥቦ በደንብ የደረቀው ሞዴል ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መነሻ ቀለም፣ ይቀባል። ግራጫ ይሁን፤ ነጭ ጉድለትን ይደብቃል፣ ጥቁርም እንዲሁ። ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ርቀህ ስስ አድርገህ ንፋ፤ በሁለትና በሦስት ዙር ይልበስ እንጂ በአንድ ጊዜ አይዘፈቅ፤ ወፍራም ፕራይመር የመስኮቱን ፍሬም ይውጠዋል። የመጀመሪያው ዙር ለእኔ ቀለም ሳይሆን መርማሪ ነው። እጄ ያላገኘውን ጭረት፣ ዓይኔ ያለፈውን ቀዳዳ ሁሉ ግራጫው አውጥቶ ያሳየኛል፤ ተመልሼ እሞላለሁ፣ በ400 እነካለሁ፣ እንደገና እነፋለሁ። ሦስት ጊዜ የተመላለስሁበት ሥራ አለ። የመጨረሻውን ፕራይመር በ600 ቀስ ብለህ በውሃ ዳስሰው፤ ከዚያ የፈለግኸውን ቀለም ይይዛል።

ቀኑንም ምረጥ። በናይትሮ ቲነር የቀጠነ ቀለም በእርጥብ አየር ሲነፋ ቲነሩ ሲተን ፊቱን ያቀዘቅዛል፤ የአየሩ እርጥበት በላዩ ይረግፍና ቀለሙ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። እኔ የምነፋው ጠዋት ጭጋጉ ከተገፈፈ በኋላ፣ የከሰዓቱ ዝናብ ሳይመጣ ባለው ጊዜ ነው። ደመናው ከወረደ መሣሪያውን አስቀምጬ ምላጭ እስላለሁ።

አሁን በእጅህ ስላሉት አሥራ ሁለቱ። ቀለሙ በጥፍር የሚነሣ ከሆነ በፕላስተር እየለጠፍህ ንቀለው፤ የማያዳግም ሁሉ በዚያ ይወጣል። የቀረውን ቲነር በነካ ጨርቅ ጥረግ፤ ከዚያ ከእጥበቱ ጀምረህ ከላይ ያልሁትን ተከተል። አስቀድሞ በ80 የተቆፈረው ቦይ በወረቀት ብቻ የሚወጣ ከሆነ ግድግዳው ይሳሳብሃልና በስቱኮ ስስ አድርገህ ሙላው። መደገፊያቸው ያለቀውን ሁለቱን አትጠግናቸው፤ ለሙከራ አስቀራቸው። ወደ አሥሩ ከመሄድህ በፊት በአንደኛው ግድግዳ ላይ እስከ ቀለሙ ድረስ ያለውን ሥራ ሁሉ ፈጽም፣ ሳምንት አቆየው፣ ከዚያ በምላጭ አምስት መስመር በቁም፣ አምስት በአግድም ሰንጥቅበትና ፕላስተር ተጭነህ ለጥፈህ በአንድ ጊዜ ሳበው። ፕላስተሩ ንጹሕ ሆኖ ከተነሣ አሥሩን ቀባ። ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይዞ ከመጣ ሬዚኑ ወይ አልታጠበም ወይ አልደረሰምና ሁለተኛውን ሞዴል አንሣና ከላርጎው ጀምር።